ስለ ቤት ግቢና አትክልተኛን ስለ መቅጠር

ሰው ቤቱን ሲያሠራ ግንበኛውን፥ አናጢውንና ቀለም ቀቢውን መርምሮ ይቀጥራል፤ ግቢውን ግን ማን እንደሚሠራለት አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። ግድግዳው ከቆመ፥ ጣሪያው ከተመታ፥ በሩም ከተገጠመ በኋላ በቤቱና በአጥሩ መካከል የቀረው መሬት እንደ ትርፍ ነገር ይቈጠርና የሲሚንቶ ከረጢትና የብሎኬት ስባሪ ይጣልበታል። ከዚያም አንድ ቀን ሠርግ ወይም ክርስትና ሲደርስ፥ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ ይመጣል ሲባል፥ ባለቤቱ ደንግጦ ሠራተኛ ፍለጋ ይወጣል። በድንጋጤ የተቀጠረ ሠራተኛም በድንጋጤ ይሠራል። እኔም ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እንዲህ ባለ ሰዓት ላይ ለሚገኙ ቤተ ሰቦች፥ ይልቁንም ግቢያቸውን ዘወትር በእጃቸው ለሚያውቁት እመቤቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ግቢ ማሳመር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖአል። በየመንገዱ ዳር ችግኝና የአበባ ማሰሮ ደርድረው የሚሸጡ አሉ፤ ሣርን እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው በመኪና አምጥተው የሚዘረጉ አሉ፤ ድርጅት አቁመው የግቢውን መልክ አስቀድመው በኮምፒውተር ሥለው የሚያሳዩ አሉ፤ ዶማና መቀስ ይዘው ከበር ወደ በር እየዞሩ «የሚከረከም አለ?» እያሉ የሚጠይቁም አሉ። እነዚህ ሁሉ እንጀራቸውን በላባቸው የሚበሉ ሰዎች ስለ ሆኑ አንዱን ከሌላው ለማሳነስ አልጽፍም። ነገር ግን ሥራቸው አንድ አይደለም። አንዱ የሚሸጠው ተክል ነው፤ ሁለተኛው የሚሸጠው መልክ ነው፤ ሦስተኛው የሚሸጠው ጊዜውንና ጥንቃቄውን ነው። የቤቱ ባለቤት የሚፈልገው የትኛውን እንደ ሆነ ሳይለይ ገንዘቡን ቢያወጣ፥ መልክ ገዝቶ ጥንቃቄን ሲጠብቅ ይኖራል።

የእኛ ቤት ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በጉለሌ በኩል ነው። አባታችን፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ ቦታውን ሲይዙት ሰፊ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ስለ ፈቀደ፥ የታችኛው ክፍል ሄደና የላይኛው ቀረልን። ቤቱና ማድ ቤቱ የያዙትን ትተን ለተክል የተረፈው 180 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ወይራ፥ ሁለት ጌሾ፥ አንድ ኮባ፥ ከአጥሩ ሥር ግራዋ፥ ከማድ ቤቱ አጠገብም ጤና አዳም፥ ዳማከሴና ኮሰረት አሉ። ጌሾው ለጠላ ነው፤ ግራዋው ጋን ለማጠብ ነው፤ የወይራው ደረቅ ቅርንጫፍ ጋኑንና የወተቱን ዕቃ ለማጠን ነው፤ ዳማከሴው ምች የመታው ሰው ሲመጣ በእጅ ታሽቶ የሚሰጥ ነው፤ ኮሰረቱም ከቅቤ ጋራ ይነጠራል። እንግዳ ሰው ሲያየው ዱር ይመስለዋል፤ ለቤቱ ሰው ግን ጓዳው እስከ አጥሩ ድረስ የቀጠለ ነው።

እናታችን 78 ዓመታቸው ነው። በግላውኮማ ሕመም ምክንያት የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ ሄዶ፥ አሁን የሚለዩት ጥላንና ፀሐይን ብቻ ነው። ከቤት ውጭ ሲሄዱ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋቸዋል። በግቢያቸው ውስጥ ግን መሪ ሲይዛቸው ይቈጣሉ። ከደጃፉ ደረጃ ወርደው ሰባት እርምጃ ሲራመዱ መዳፋቸው ወይራውን ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ሲሉ የጤና አዳሙ ሽታ ይቀበላቸዋል፤ እጃቸውን ሰድደው ቅጠሉን አሽተው ያልፋሉ፤ የዳማከሴው ሽታ ሲመጣ የማድ ቤቱ በር ደረሰ ማለት ነው። ይህን መንገድ ማንም አላስተማራቸውም። በዓይናቸው ሳሉ የተከሉት ነው፤ ዓይናቸው ሲደክም ራሱ መሪ ሆነላቸው። ወደ መንገዱ በር ግን፥ በዚያ በኩል የሚዳስሱትና የሚያሸቱት ነገር ስላልነበረ፥ ብቻቸውን መሄድ ከተዉ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር።

ታናሽ ወንድማችን የሚኖረው በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን አቅራቢያ ነው። ከሄደ 11 ዓመት ሆኖት ሳለ፥ በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ስልክ ደውሎ በመጪው ጥር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ እንደሚመጣ አበሠረን። በማግስቱም ግቢው ይታደስ ዘንድ ገንዘብ ላከ። «እትዬ፥ እማዬ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ተቀምጠው ማየት ነው የምሻው» ብሎ የራሱን ቤት ፎቶግራፍ ጨምሮ ላከልኝ። ከቤቱ ፊት ያለው መሬት በሙሉ ሣር ነው፤ አጥር የለውም፤ ከጎረቤቱ ሣር ጋራ ገጥሞ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ሣር አጫጆች በሳምንት አንድ ቀን በመኪና መጥተው ያስተካክሉለታል። በዚያ አገር በብዙ ከተማ ሣሩ ከተወሰነው ቁመት በላይ ያደገበት ባለ ቤት መቀጫ ይከፍላል። እንግዲህ ወንድሜ ለእናቱ የመረጠው በስደት አገሩ የመልካም ቤት ምልክት ሆኖ ያገኘውን ነገር ነበርና፥ ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ መሆኑን ማንም አይስተውም።

እርሱ በስልክ የተነጋገረው ድርጅት አንድ ወጣት ላከልን። ወጣቱ ጨዋ ነበር፤ በሜትር ለካ፥ ፎቶግራፍ አነሣ፥ ቡናም ጠጥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን ይዞ መጣ። በእውነት ያማረ ሥዕል ነበር። ግቢው በሙሉ ሣር ለብሶአል፤ በመካከሉ የሚጠማዘዝ የድንጋይ መንገድ አለ፤ ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንባባ ቆመዋል፤ ማታ የሚበራ መብራትም ከሣሩ ውስጥ ተተክሎአል። ወይራው የለም። «ቅጠሉ ይረግፋል፤ ጥላውም ሣሩን ይገድለዋል» አለኝ። ጤና አዳሙና ዳማከሴውም የሉም። ሥራውን በስድስት ቀን ፈጽሞ እንደሚያስረክብ፥ ነገር ግን የዋጋውን እኩሌታ ቀብድ አስቀድመን መክፈል እንደሚገባን ነገረኝ። በዚህ ግቢ ውስጥ ማን እንደሚኖር ግን አልጠየቀም፤ ውኃም በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አልጠየቀም።

እናታችን ከበረንዳው ተቀምጠው ነገሩን ሁሉ ይሰሙ ነበር። ወጣቱ ከሄደ በኋላ፥ «የማላየውን ለማሳመር የማየውን ልትነቅሉብኝ ነውን?» አሉኝ። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልጨመሩም፤ ያን ቀን እራት አልበሉም።

በዚያው ሌሊት ስለ ውኃው ጥቂት ሒሳብ አደረግሁ። ሒሳቡ ቀላል ስለ ሆነ ማንም ባለ ቤት ሊያደርገው ይችላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚፈስ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ አንድ ሊትር ነው። በአዲስ አበባ በበጋ ፀሐይና ነፋስ ከሣር ላይ በየቀኑ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውኃ ይወስዳሉ። ስለዚህ 180 ካሬ ሜትር ሣር አረንጓዴ ሆኖ እንዲቈይ በቀን 720 ሊትር፥ ይኸውም ከሦስት በርሜል ተኩል በላይ ይሻል። በእኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በእነዚያም ቀኖች የምንቀዳው ለመጠጥ፥ ለወጥና ለልብስ ነው። ለሣሩ ብለን በቦቴ ውኃ ብንገዛ፥ የሣሩ ቀለብ ከቤተ ሰቡ ቀለብ ሊበልጥ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አገራችን ዝናብ አንሶአት እንደ ሆነ አድርጎ በማሰብ ነው። እንዲያውም ነገሩ ሌላ ነው። በለንደን ከተማ በዓመት የሚዘንበው ወደ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ልዩነቱ የለንደኑ ዝናብ በአሥራ ሁለቱ ወር ላይ ጥቂት በጥቂት የተከፋፈለ መሆኑ ነው፤ የእኛው አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያልቅና ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይዘጋል። ሣርን አጭዶ እንደ ምንጣፍ ማቈየት የእንግሊዝና የሰሜን አውሮፓ ልማድ የሆነው ስለዚህ ነው። በእነርሱም ዘንድ ቢሆን ቀድሞ ብዙ አጫጆችን ሊቀጥር የሚችል የመኳንንት ቤት ጌጥ ነበር፤ ወደ ተራው ሰው ቤት የወረደው በ1830 እ.ኤ.አ. አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሣር ማጨጃ መኪና ከፈለሰፈ በኋላ ነው። ሰማይና ዝናብ ያበጁትን ልማድ ሰማይና ዝናቡን ትቶ ልማዱን ብቻ መውሰድ ግን አይቻልም።

በቦሌ በኩል የሚኖሩ አንድ የማውቃቸው ቤተ ሰብ ይህን በገንዘባቸው ተምረውታል። የልጃቸው ሠርግ በጥር ስለ ነበረ በታኅሣሥ ወር ሣር አስዘረጉ። የሰፈሩ መሬት ዋልካ ነው፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፥ ውኃም ይቋጥራል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ጣት ያስገባል። ሠራተኞቹ መሬቱን ሳይቈፍሩና ፍግ ሳይቀላቅሉ ሣሩን ከላይ አነጠፉት። በሠርጉ ቀን ያላደነቀ አልነበረም። በመጋቢት ግን ሣሩ እንደ አሮጌ ጆንያ ከመሬቱ ተላቅቆ ነበር። አስዘርጋጁ ተጠርቶ ቢመጣ፥ «እኔ ያስረከብሁት አረንጓዴ ነው» አለ። በውሉ ላይ የተጻፈውም ይኸው ስለ ነበረ ምን ሊባል ይችላል? ሌሎች ደግሞ በሣር ከተማረሩ በኋላ ግቢያቸውን ከዳር እስከ ዳር በታይል ያስነጥፋሉ። የዚህ ክፋቱ በሐምሌ ይታያል፤ መሬቱ ሊመጠው የሚገባው ውኃ መግቢያ አጥቶ ከግቢው ይወጣና በታች ወዳለው ጎረቤት ቤት ይገባል።

እንዲህ ስል ከባሕር ማዶ የመጣ ተክል ሁሉ አይረባም ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ባለቀ ጊዜ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱ በስፍራዋ እንድትጸና ካደረጉት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው፤ ስሙም የመጣበትን ይነግረናል። ጃካራንዳና ቡገንቪሊያም ከደቡብ አሜሪካ መጥተው ከእኛ በጋ ጋራ ተስማምተዋል። የእኔ ክርክር ከትውልድ አገራቸው ጋራ ሳይሆን ከጠጪነታቸው ጋራ ነው። ባሕር ዛፉም ቢሆን ለተራራው የሚበጀውን ያህል ለጠባብ ግቢ አይበጅም፤ በሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልምና።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ወጣቱን አመስግኜ ካሰናበትሁ በኋላ ሌላ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። ብዙ ሰው አትክልተኛን የሚመርጠው በስልክ ውስጥ ባለ ፎቶግራፍ ነው፤ ፎቶግራፉም ሥራው ባለቀበት ቀን የተነሣ ነው። ደግሞ በመስከረም ዞሮ ግቢ የሚያይ አለ። በመስከረም የማያምር ግቢ የት አለ? አጥር ላይ የበቀለው ዐረም እንኳ ያብባል። የአትክልተኛ ሙያ የሚታየው በየካቲትና በመጋቢት ነው። እኔም ወደ ገበያ ስሄድ የማልፍበት፥ ባለፈው መጋቢት ሰፈሩ ሁሉ ሲደርቅ ሳይደርቅ የቀረ አንድ ግቢ ትዝ አለኝና ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። የቤቱ እመቤት በደስታ ተቀብለው፥ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጡ አንድ ሽማግሌ እንዳሉአቸው ነገሩኝ።

ሽማግሌው ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፥ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። የመጡት በመስከረም መጀመሪያ ቀን ገና ሲነጋ ነው። ሜትር አላወጡም። በመጀመሪያ ከሦስት ስፍራ አፈር ዘገኑ፤ በውኃ አርሰው በመዳፋቸው መካከል እንደ ገመድ አሹት፤ ሳይበጠስ የቱን ያህል እንደሚረዝም አዩ። ከዚያ የጣሪያው ውኃ ወዴት እንደሚወርድ ጠየቁ። ውኃው ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቁ። ከሰዓት በኋላ ጥላው የት እንደሚያርፍ ጠየቁ። ይህን ሲጠይቁ እናታችን ከቤት ወጥተው ወደ ማድ ቤቱ ሲሄዱ አዩአቸው፤ ወይራውን ሲዳስሱ፥ ጤና አዳሙን ሲያሹ፥ ደግሞም ሲመለሱ ቆመው በዝምታ ተመለከቱ።

«ጋሼ፥ ምን ይመስልዎታል?» አልኋቸው።

«እማማ የሚሄዱበትን አልነካም» አሉ። ቀጥለውም፥ «ወደ በሩ ለምን አይሄዱም?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር።

ስለ ወይራው ያሉት ይህ ነው፦ የደረቁት ቅርንጫፎችና ወደ ጣሪያው ያዘነበለው አንዱ ይወርዳሉ፤ ከዛፉ ራስ ግን ከሦስት እጅ አንዱን እጅ የሚያህል እንኳ በአንድ ጊዜ መቈረጥ የለበትም፤ ያን ያህል ከተቈረጠ ዛፉ ምግቡን የሚያዘጋጅበትን ቅጠል ያጣልና። ጫፉን መቀንጠስም ክልክል ነው። «ወይራ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ይህን ቈርጣችሁ ሌላ ብትተክሉ ጥላውን የሚያገኙት የልጅ ልጆች ናቸው» አሉ። ሣር የሚዘረጋበትን ቦታ ስጠይቃቸው፥ አስቀድሞ በራሱ የበቀለውን ሰርዶ አሳዩኝ። ዐረሙ ተነቅሎለት በወር አንድ ጊዜ ቢታጨድ ለሕፃናት መጫወቻ 20 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ በበጋ ቢገረጣም ሥሩ አይሞትም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ይነሣል።

ከሁሉ አስቀድሞ እንዲገዛ ያዘዙት ግን ተክል አልነበረም፤ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ነበር። የቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ 90 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 900 ሊትር ይሆናል፤ ከአሸንዳው የሚፈሰው ቢቀነስ እንኳ እጅግ ብዙ ነው። ይህን ያህል ውኃ አባታችን ቤቱን ከሠሩበት ቀን ጀምሮ በየክረምቱ ወደ ቦይ ሲፈስ ኖሮአል።

ወንድሜ ይህን በሰማ ጊዜ ተቈጣ። «እኔ የላክሁት ለአበባ ነው፤ አንቺ በርሜል ትገዢበታለሽ?» አለኝ። እኔም ያለ አበባ አልቀረሁም፤ ነገር ግን በስልክ መከራከሩን ትቼ አንድ ነገር ብቻ አደረግሁ፤ እናታችን ከደጃፍ እስከ ማድ ቤት ሲሄዱ በስልኬ ቀርጬ ላክሁለት። ሦስት ቀን ያህል አልደወለም። በአራተኛው ቀን ደውሎ፥ «የሮቶው ዋጋ ስንት ነው?» አለኝ።

ሽማግሌው ከወይራው እስከ መንገዱ በር ድረስ ግራና ቀኝ ረጃጅም ድንጋይ ቀበሩ፤ የሚሄድ ሰው እግሩ ከመንገዱ ሲወጣ እንዲያውቀው ከመሬቱ ሁለት ጣት ከፍ አድርገው አቆሙት። በድንጋዩ ዳር እየለያዩ ጠጅ ሣርና የጥብስ ቅጠል ተከሉ። የጥብስ ቅጠሉን በፕላስቲክ ያደገውን ከመንገድ ዳር ገዛን፤ ሲተክሉትም ፕላስቲኩን ቀድደው ጣሉ፥ ተጠማዝዞ የነበረውን ሥር ፈትተው ዘረጉ። ብዙ ሠራተኛ ይህን ስለማያደርግ ችግኙ ከዓመት በኋላ በራሱ ሥር ታንቆ ይሞታል፤ ባለቤቱም አፈሩን ይረግማል። ከዚያም እርጥበቱ እንዳይሄድ ሥሩን በገለባና በደረቅ ቅጠል ሸፈኑት። የመስከረም የመጨረሻዎቹ ዝናቦች ሮቶውን እስከ እኩሌታው ሞሉት።

እናታችን አዲሱን መንገድ ሲማሩ ጥቅምት አለቀ። በመጀመሪያ ከጠጅ ሣሩ አላለፉም፤ ቆይተውም እስከ ሦስተኛው የጥብስ ቅጠል፥ ከዚያም እስከ በሩ። በጥር ወር ወንድማችን ከነቤተ ሰቡ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ የከፈቱለት እርሳቸው ናቸው። ልጆቹ በሰርዶው ላይ ኳስ ሲጫወቱ ሰነበቱ። ስለ ሣሩ ማነስ የተናገረ ሰው አልነበረም።

አሁን ስለ አቀጣጠሩ ጥቂት ልበል፤ በዚህ ነገር ብዙ ቤት ውስጥ ቅሬታ ይነሣልና። አትክልተኛን ለአንድ ቀን ቀጥሮ ዓመት ሙሉ የሚያምር ግቢ መጠበቅ ልጅን አንድ ቀን አጥቦ ዓመት ሙሉ ንጹሕ እንዲሆን እንደ መጠበቅ ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ተባብረው አንድ ሰው በሳምንት ቀን ተከፋፍለው ቢቀጥሩ ለእርሱም የማይቋረጥ እንጀራ ይሆንለታል፥ ለእነርሱም ወጪው ይቀላል። እኛ ከሽማግሌው ጋራ የተስማማነው በወር ደመወዝ ሁኖ በሳምንት ሁለት ቀን፥ ምሳና ቡና በቤታችን፥ መሣሪያውን የምንገዛው እኛ፥ የሚያስቀምጡትና የሚስሉት እርሳቸው ናቸው። ቃሉን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን። ከእኛ በፊት አንድ ቤት ሦስት ወር ሠርተው፥ ባለቤቱ «ሣር ከማጠጣት በቀር ምን ሠራህ?» ብሎ ደመወዛቸውን እንደ ከለከላቸው የነገሩኝ ወረቀቱን በፈረሙ ጊዜ ነው። ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሆነ ቅርንጫፍና ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ለእርሳቸው እንዳይታዘዝ፥ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስባቸውም ማሳከሚያው በእኛ እንዲሆን በወረቀቱ ላይ አለ። የተባይ መድኃኒት መርጨት ካስፈለገ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ አይረጭም፤ ጤና አዳምና ኮሰረት ባሉበት በኩል ደግሞ ፈጽሞ አይረጭም፤ የምንበላው ነውና።

ድርጅቶቹም ቢሆኑ የሚያስፈልጉበት ጊዜ አለ። ግቢው ዳገት ሆኖ አፈሩ እንዳይናድ የድንጋይ ግንብ የሚሻ ከሆነ፥ የውኃ መውረጃ ቦይ መቈፈር ካለበት፥ ወይም ስፍራው ለአንድ ሰው ጉልበት ሰፊ ከሆነ ሥዕል የሚያውቅ ባለ ሙያ መጥራት ይገባል። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡን በሙሉ በማስረከቢያው ቀን አለመክፈል ብልህነት ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ከሦስት ወር በኋላ አድርጉ፤ በእነዚያም ወሮች የሚያጠጣው ማን እንደ ሆነ፥ የሞተውንም ተክል የሚተካው ማን እንደ ሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቍር ሰው ካለ፥ የተክሉን ዕድሜ ከእናንተ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል ማለት ነው።

ለዛፍ ችግኝ ጊዜው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው፤ ሥሩ ክረምቱን በሙሉ ሲሰድድ ከርሞ በጋውን ተዘጋጅቶ ይቀበላልና። ጉድጓዱ ግን ቀደም ብሎ ይቈፈራል፤ የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ፥ የታችኛው ቀይ አፈር ለብቻ ይቀመጣል፤ በሚተከልበት ቀን የላይኛው ከበሰለ ፍግ ጋራ ተቀላቅሎ አስቀድሞ ወደ ሥሩ ይገባል። ሽማግሌው ባለፈው ግንቦት በአጥሩ በኩል ሁለት ጉድጓድ ቈፈሩ። አንደኛው ለኮሶ ነው፤ ከፍታችንና ብርዳችን ይስማማዋል። የሁለተኛውን ስጠይቃቸው እናታችን እንዳዘዙአቸው ነገሩኝ። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት የአያታቸውን እጅ ይዘው፥ በሚቀጥለው ስንመጣ የሚበላ ፍሬ ይኑር ብለው ለምነዋቸው ኖሮ፥ የኮክ ችግኝ ነው። ኮክ በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል።